140 ገጽ ላይ ለቆመ ልቦለድ ሥራ መልቀቅ መፍትሔ ነው?

ጥያቄው፦

«ጋሼ፣ ሐይቅ ከተማ የአማርኛ መምህር ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በአያቴ ሕይወት ላይ የተመሠረተ ረጅም ልቦለድ ጀመርኩ። አያቴ በባቲና በደሴ መካከል ሲመላለስ የኖረ የጨው ነጋዴ ነበር። ታሪኩ ጣልያን ደሴን በቦምብ ከደበደበበት ከ1928 ይነሳል። የስድሳ ስድስቱን ረሃብ፣ አብዮቱን፣ የሰባ ሰባቱን ድርቅና ሰፈራውን አልፎ ደርግ እስከወደቀበት 1983 ይሄዳል። በኮምፒውተር 140 ገጽ ጽፌ አብዮቱ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሐሳቡ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ፤ የጎደለኝ ጊዜ ነው። አስተምሬ ስመለስ ይደክመኛል። ቁጭ ስል የመጀመሪያውን ምዕራፍ አነብና እሱኑ ሳስተካክል ይመሻል። ጓደኞቼ ‹ደራሲ መሆን ከፈለግክ ሥራህን ልቀቅና አዲስ አበባ ግባ› ይሉኛል። ለአንድ ዓመት የምታቆየኝ ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ። ልልቀቅ? የታሪኩን ዝርዝርና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ልኬልዎታለሁ።»

አትልቀቅ። መልሱ ይሄ ነው። ምክንያቱ ግን በደንብ ሊገባህ ይገባል፤ ካልገባህ ዘንድሮ ባትለቅ ለከርሞ ትለቃለህ።

«ጊዜ ነው የጎደለኝ» ከሚለው እንጀምር። እያስተማርክ 140 ገጽ ጽፈሃል። በኮምፒውተር የተጻፈ አንድ የኤ-ፎር ገጽ መጽሐፍ ሲሆን አንድ ገጽ ተኩል ገደማ ይወጣዋል። ስለዚህ በእጅህ ያለው ከ200 ገጽ ያላነሰ መጽሐፍ ነው። መሃል ላይ የቆምክ ይመስልሃል እንጂ በገጽ ብዛትማ ከሆነ ጨርሰሃል። ጊዜ ያጣ ሰው ይህን ያህል አይጽፍም። ደግሞስ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስታሽ የሚመሽብህ ሰዓት ጊዜ አይደለም እንዴ? ሥራ ብትለቅ የምታተርፈው ነገር ቢኖር ያንኑ ምዕራፍ ጠዋትም ማሸት ነው።

ምዕራፉ ቆንጆ መሆኑን አልክድም። አውሮፕላኖቹ ደሴ ላይ ሲያንዣብቡ፣ በቅሎዋ ገመዷን በጥሳ ስትሮጥ፣ ልጁ የአባቱን ጋቢ ይዞ ብቻውን ሲቀር ያለው ቦታ ጥሩ ተጽፏል። ሁለተኛው ምዕራፍ ደህና ነው። ሦስተኛው ላይ ግን ዓረፍተ ነገሮችህ ዜና መምሰል ጀመሩ። «በዚህም መሠረት»፣ «ከዚህ በተጨማሪ» በዛ። ይህን ያመጣው የማስተማር ድካም አይደለም። ጸሐፊ ወደ ኋላ እየተመለሰ አንድ ምዕራፍ ሲያሽ የሚከርመው ወደፊት የሚሄድበት ሲጠፋው ነው።

ለምን ጠፋህ? ዝርዝርህን ደጋግሜ አነበብኩት። ነጋዴው በ1928 ልጅ ነው። ጣልያን ይገባል፣ ይወጣል። ነጋዴው ያድጋል፣ ያገባል። ድርቅ ይመጣል። አብዮት ይፈነዳል። ድርቅ ይመለሳል። ጎረቤቶቹ ለሰፈራ ይጫናሉ። ደርግ ይወድቃል። በዚህ ሁሉ መሃል ሰውዬው ምን ፈለገ? ምን ወሰነ? እሱ በመወሰኑ የተለወጠ ነገር የቱ ነው? ዝርዝሩ ላይ አላገኘሁትም። ሰውዬህ ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ ቆሞ ያያል። አዝኖ ያያል፣ ተገርሞ ያያል፣ ከዚያ ያረጃል።

በታሪክና በሴራ መካከል ያለውን ልዩነት ክፍል ውስጥ ታስተምራለህ። ፈተና ላይም ሳታወጣው አትቀርም። ታሪክ ድርጊቶቹ በጊዜ ቅደም ተከተል ሲደረደሩ ነው፤ ሴራ አንዱ ለሌላው ምክንያት ሆኖ ሲያያዙ ነው። የራስህ መጽሐፍ ታሪክ አለው፣ ሴራ የለውም። ማረጋገጥ ከፈለግክ ከዝርዝሩ ሁለት ተከታታይ ክስተቶችን አንሳና «የመጀመሪያው ባይሆን ሁለተኛው ይሆን ነበር ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ነጋዴው ባያገባ ድርቁ ይቀር ነበር? ድርቁ ባይመጣ ደርግ ለሱ ሲል አይወድቅም ነበር? ክስተቶቹን ያገናኛቸው የቀን መቁጠሪያው ብቻ ነው። እንዲህ ባለ መጽሐፍ ውስጥ ቀጥሎ የሚሆነውን ገጸ ባሕርይው አይነግርህም። አንተ ከታሪክ መጻሕፍት እየቆፈርክ ታመጣለታለህ። የሚያደክምህ ይሄ ነው። አብዮቱ ላይ መቆምህም አይገርመኝም፤ አብዮቱ ነጋዴህን አይፈልገውም፣ ነጋዴህም አብዮቱን አይፈልገውም።

ልቦለድህ ግን አለ። ሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ በግማሽ ገጽ ዘለኸዋል። አፋሩ ወዳጁ በግመል ያመጣውን ጨው ባቲ ላይ ሸጦ፣ ገንዘቡን ነጋዴው ዘንድ አደራ አስቀምጦ ወደ አገሩ ይመለሳል። ዝናብ ይቀራል። የነጋዴው ልጆች ይራባሉ። ነጋዴው ከአደራው ይነካል። አንተ «ከዚያም ሁሉ ነገር ተለወጠ» ብለህ ምዕራፉን ዘጋህ።

ምን ተለወጠ? እኮ ንገረና! ሰውዬው አደራ በላ ሊባል ነው። ንግዱ በቃልና በመተማመን በሚሄድበት የባቲ ሰኞ ገበያ፣ ይህን ስም ይዞ መቆም ከማጣት ይብሳል። ልጆቹ ደግሞ ተርበዋል። ገንዘቡን ለመተካት ምን ይሸጣል? በሬውን? ከሸጠው ዝናቡ ሲመለስ በምን ያርሳል? ወጥቶ መኪና መንገድ ዳር ከተሰበሰበው ሕዝብ ጋር እርዳታ ይጠብቅ? የወዳጁ ዘመዶች እዚያ ቢያዩትስ? ሴት ልጁን ላለው ሰው ይዳር? ሚስቱ ታውቃለች ወይስ ደብቋታል? ደግሞ አፋሩም ተጎድቷል። በዚያ ድርቅ የአፋር አርብቶ አደር ከብቱ አልቆበታል። እሱም ገንዘቡን የሚፈልገው ልጆቹን ሊያበላበት ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ባለመብቱ ሁለት የሆነ ግጭት ለማግኘት ደራሲዎች ዓመታት ይፈልጋሉ፤ አንተ ቤትህ ውስጥ ተቀምጦልህ በግማሽ ገጽ ጣልከው።

ስለዚህ ምክሬ መጽሐፉን ማሳጠር አይደለም፣ ማጥበብ ነው። ከ1964 ክረምት ይጀምር። 1967 መስከረም ላይ ወይም ከዚያ በፊት ይለቅ። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ አደራ፣ ሁለት ገበያ። 1928 የነጋዴው ትዝታ ሆኖ ሁለት ገጽ ይበቃዋል። ሰባ ሰባት ሌላ መጽሐፍ ነው። ያን ሁሉ ምሽት የበላው የመጀመሪያ ምዕራፍም ይወጣል። አታጥፋው፣ ሌላ ፋይል ውስጥ አስቀምጠው። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

እንዲህ ስል ብዙ ጸሐፊዎች ይከፋቸዋል። «የሕዝቤን መከራ በሙሉ መጻፍ አለብኝ» ይላሉ። ስሜቱ ይገባኛል። ወሎ ውስጥ የተወለደ ሰው ሁሉ ቤቱ የሆነ ነገር አለ። ነገር ግን ክስተቱ ትልቅ ስለሆነ ልቦለዱ ትልቅ አይሆንም። ከ1977 እስከ 1978 ባለው ሰፈራ ወደ 600,000 ሰው ከቀየው ተነስቷል፤ አብዛኛው ከወሎ ነው። ይህን ቁጥር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈህ ሃምሳ ገጽ ሐተታ ብትጨምርበት አንባቢ ያዝናል፣ ይረሳል። ያ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ነው፤ እሱ ካንተ በተሻለ ይሠራዋል።

ስለ መረጃ ጥቂት ልበል፤ ረቂቅህ ላይ መታረም ያለባቸው ነገሮች አሉ። ነጋዴህ በ1965 አሞሌን እንደ ገንዘብ ሲቆጥር አይቻለሁ። ይውጣ። ዛሬ የምናውቀው ብር ከወጣ ከ1937 ጀምሮ ነው። በነጋዴህ ዘመን ጨው ሸቀጥ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደው የመኪና መንገድም ያኔ አርጅቷል። የጭነት መኪና ግመሉንና አጋሰሱን እየገፋ ነው። ይህን ከተጠቀምክበት ይጠቅምሃል፦ ሰውዬህ ድርቁ ሳይመጣም ሙያው እየሞተበት ያለ ሲራራ ነጋዴ ይሆናል። ሌላው፣ ባቲ ላይ በለበሳት ነጠላ ደሴ ይገባል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ጉም የማይለቃት ከተማ ናት። ከባቲ ሙቀት ወጥቶ እዚያ የደረሰ ሰው ይበርደዋል። እሱን አንድ ጊዜ አስበርደው፤ አንባቢ መንገዱን ያምንሃል።

ትልቁ ስህተት የእህል ዋጋው ነው። «ደሴ ላይ እህል ሰማይ ነካ» ብለሃል። ሁሉም ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። አማርትያ ሴን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በዚህ በወሎ ረሃብ ላይ የጻፈው ጥናት የሚያሳየው ሌላ ነው። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። ገበሬው ምርቱን፣ አርብቶ አደሩ የከብቱን ዋጋ አጥቶ መግዣ ነው ያጡት። እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ውጭ ሲወጣ ነበር። አሁን ይህን በነጋዴህ ዓይን እየው። ሱቁ ውስጥ እህሉ ተቆልሎ ይታያል። ዋጋውም የአምናው ነው ማለት ይቻላል። ኪሱ ውስጥ ያለው ብቸኛ ብር ደግሞ የሰው አደራ ነው። ሰማይ የነካ ዋጋ ከምትጽፍ ይሄ አይሻልም?

ገጸ ባሕርይህ ወደፊት የሚሆነውን እንዳያውቅ ተጠንቀቅ። በ1965 ባቲ ላይ የቆመ ሰው ረሃቡ በስድሳ ስድስት ስም እንደሚጠራ አያውቅም። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1966 ፊልሙን አሳይቶ ዓለም እንደሚሰማ አያውቅም። ንጉሡ መስከረም 1967 ከዙፋን እንደሚወርዱ አያልመውም። «ይህ መንግሥት መውደቁ አይቀርም» ብሎ የሚናገርበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ የምትናገረው አንተ ነህ።

ሽማግሌዎችን ስትጠይቅም ዓመተ ምሕረት አትጠይቅ። «በጣልያን ጊዜ»፣ «በክፉው ቀን»፣ «እከሌ በተወለደ ዓመት» ነው የሚሉህ፤ ማዛመዱ ያንተ ሥራ ነው። «ምን ተሰማዎት?» የሚለውን የጋዜጠኛ ጥያቄም ተወው። መልሱ ሁልጊዜ «ምን ይባላል ልጄ፣ አላህ ያመጣው ነው» ነው። ይልቅ የት አደራችሁ? በቅሎዋን ማን ያዘ? ጨው በምን ይመዘን ነበር? ቀድሞ የተሸጠው የቤት ዕቃ የቱ ነው? ብለህ ጠይቅ። የዕቃውን ስም ሲያነሱ ሐዘኑ ራሱ ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ መቅረጫህን ዝጋ። አቦሉ ላይ ወሬው የአደባባይ ነው፤ በረካ ላይ ሲደርስ ነው ቁም ነገሩ የሚወጣው። ስለዚህ ለቡናው ጊዜ ይዘህ ሂድ። የልጅ ልጆች በተሰበሰቡበት ስለዚያ ዘመን አትጠይቅ። ልጆቻቸው ያልሰሙት ነገር ሊኖር ይችላል።

አደራው በእውነት አያትህ ላይ የደረሰ ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ስም መቀየር ብቻ አይበቃም። ተሁለደሬ ውስጥ የጨው ነጋዴ የነበረ፣ አፋር ወዳጅ የነበረው፣ ሦስት ሴት ልጅ የወለደ ሰው ብለህ ከጻፍክ ስሙን ብትቀይረውም ገበያው ሁሉ ያውቀዋል። የልጆቹን ቁጥር፣ መንደሩን፣ የትዳሩን ነገር ቀይር። መጀመሪያ ገጽ ላይ «ይህ ልቦለድ ነው» ብሎ መጻፍ ጎረቤትን አያስታርቅም። ለቤተሰብህ መንገር ያለብህም ረቂቁ ካለቀ በኋላ፣ ከመታተሙ በፊት ነው። አሁን ከነገርካቸው እያንዳንዱ አጎት የራሱን ምዕራፍ ያስጨምርሃል።

በነገራችን ላይ ወሎን ማስተዋወቅ የአንተ ሥራ አይደለም። ረቂቅህ ውስጥ ቅኝቶቹ አሉ፣ ግሸን አለች፣ የሐይቁ ገዳም አለ፣ መንዙማ አለ፣ የወለዬ ሴት ውበት በሁለት ገጽ አለ። ነጋዴህ ከእነዚህ ውስጥ የሚነካው የትኛውን ነው? የማይነካውን አውጣ። «ክርስቲያኑና እስላሙ ተቻችሎ የሚኖርባት ምድር» የሚለውን አንቀጽም አውጣ። እውነት ነው፣ ግን ማስታወቂያ ይመስላል። ከዚያ ይልቅ የልጁ ሠርግ ላይ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ሲታረድ አሳየኝ። ድርቅ ነው፤ ሁለት ከብት ከየት ይመጣል? አንድ ብቻ ከተገኘ የማን ወገን ይበላል? የትኛዋ አክስት ታኮርፋለች? በአንድ ትዕይንት ረሃቡንም ዝምድናውንም ታገኛለህ። ምልልሱ ላይም ወለዬነትን ፊደል በማጣመም አታሳይ። አማሟላቸው፣ አመራረቃቸው፣ ነገር ዙሪያ የሚሄዱበት መንገድ ይበቃል።

አሁን ወደ ሥራው። ከነገ ጀምሮ የድሮውን ፋይል አትክፈት። ባዶ ደብተር ግዛ። ጠዋት ክፍል ከመግባትህ በፊት አንድ ሰዓት አውጣና አንድ ገጽ ጻፍ። ማታውን ለእርማትና ለቤትህ ተወው፤ ማታ እንደማይሆንልህ በሦስት ዓመት አይተኸዋል። በእጅ ጻፍ የምልህ መብራት ስለሚጠፋ ብቻ አይደለም። ደብተር ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ማሸት አይመችም፤ ለአንተ የሚያስፈልገውም እሱ ነው። የምትቀይረው ነገር ትዝ ካለህ ኅዳጉ ላይ «ይስተካከል» ብለህ እለፍ። የስም ስህተት ቢሆን፣ የቀን ስህተት ቢሆን፣ እለፍ። በየቀኑ ስታቆም ሐሳብህ ሳያልቅ፣ ቀጣዩን እያወቅክ አቁም። አሟጠህ ከጻፍክ በማግስቱ ባዶ እጅህን ነው የምትቀመጠው። የጻፍከውን በስልክ ፎቶ አንሳና ቴሌግራም ላይ ለራስህ ላከው፤ ደብተር ይጠፋል፣ ዝናብም ይመታዋል። በሳምንት አምስት ገጽ ከሆነ ከመስከረም እስከ ሰኔ አንድ ሙሉ ረቂቅ ይወጣል። የፈተና ሳምንት ሲመጣ አትጻፍ፤ ለቅሶም አትቅር። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ኮምፒውተር ላይ እየገለበጥክ ታስተካክላለህ። ያኔ የፈለግከውን ያህል እሽ።

አልጠየቅከኝም፣ ግን አገሩ ወሎ ስለሆነ ልበለው። ለመጻፍ ብለህ ጫት አትጀምር፤ የምትቅም ከሆነም ከጽሑፉ ለየው። በምርቃና የተጻፈ ገጽ ማታ ድንቅ ይመስላል። ጠዋት ስታነበው አንድ ሐሳብ አራት ጊዜ ተደግሞ፣ ነጋዴው አሁንም በሩ ላይ ቆሞ ታገኘዋለህ። እኔ ዘንድ ከሚመጡ ረቂቆች የትኛው ምዕራፍ በምን ሰዓት እንደተጻፈ አንዳንዴ መገመት ይቻላል።

ጓደኞችህ ደራሲነትን እንደ ሌላ ሥራ፣ ከማስተማር ተነስቶ የሚቀጠሩበት ቦታ አድርገው ነው የሚያዩት። በእኛ አገር እንደዚያ ሆኖ አያውቅም ማለት ይቻላል። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማት ነበሩ። በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛና የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። ዳኛቸው ወርቁ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ታላላቆቹ የሚባሉት ልቦለዶች ደመወዝ ከሚበላ ሰው እጅ ነው የወጡት። ደመወዙ የሚሰጥህ እንጀራ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፉን በችኮላ ላለመሸጥ አቅም ይሰጥሃል። ያጠራቀምካትን ብር በልተህ አሥራ አንደኛው ወር ላይ ስትደርስ፣ መጨረሻውን የሚጽፈው ጭንቀትህ ይሆናል።

አዲስ አበባም አሁን አያስፈልግህም። 400 ኪሎ ሜትር ርቀህ የባቲን ገበያ ከትዝታ ልትጽፍ ነው? ባቲ አንድ ሰኞ ጠዋት ተነስተህ የምትደርስበት ቦታ ናት። ዋና ከተማው የሚያስፈልግህ ለማተሚያ ቤትና ለአከፋፋይ ነው፤ እሱም የሳምንታት ጉዳይ ነው፣ በክረምት ይደረሳል። መልቀቅ ሳይሆን ያለ ደመወዝ ፈቃድ መጠየቅ ትርጉም የሚኖረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ ረቂቁ እስከ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ካለቀና ለአርትዖት ሁለት ወይም ሦስት ያልተቆራረጡ ወራት ካስፈለጉህ። ያላለቀ ረቂቅ ይዘህ ፈቃድ አትውጣ።

ረቂቁ ሲያልቅ ለአሥር ጓደኛ አታድለው። ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ ባቲንና የጨው ንግዱን የሚያውቅ ሽማግሌ ይሁን፤ ማንበብ ካስቸገራቸው አንተ አንብብላቸው። ሌላው ወሎን ረግጦ የማያውቅ፣ ልቦለድ የሚወድ ሰው ይሁን። የመጀመሪያው ስህተትህን ይነግርሃል፣ ሁለተኛው የት እንደሰለቸው። «ቆንጆ ነው፣ በርታ» የሚልህን አመስግነህ እለፈው። ከዚያ ለአርታኢ ትከፍላለህ። እዚህ ላይ መቆጠብ የሚፈልግ ብዙ ነው። ሽፋኑ ላይ ያወጣውን ሩቡን እንኳ ጽሑፉ ላይ አያወጣም።

ያጠራቀምካትን ብር የምትፈልጋትም ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ የመጀመሪያ መጽሐፍ በአብዛኛው በደራሲው ኪስ ነው የሚታተመው። ማተሚያ ቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋል። ወረቀቱ ከውጭ ስለሚገባ የዛሬው ዋጋ ለነገ አይሠራም፤ ስለዚህ ዋጋ የምትጠይቀው ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ተዘጋጅቶ ሲያልቅ ነው። አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ጠቀም ያለ ድርሻ ይወስዳል፣ ገንዘቡም ተሽጦ እስኪመለስ ይቆያል። ብዙ ቅጂ አትም፣ ይረክስልሃል ብለው ይገፋፉሃል። የአንዱ ዋጋ እውነትም ይረክሳል፤ ቤትህ የሚቆለለው ግን ያልተሸጠው ነው። በትንሹ ጀምር።

ሰው ይሰርቀኛል ብለህ አትስጋ፣ ግን ሕጉን እወቀው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብትህ የሚጀምረው ሥራውን ስትፈጥረው ነው፤ ለማግኘት ምዝገባ አያስፈልግም። ምዝገባው ክርክር ሲመጣ ማስረጃ ይሆንሃል። መብቱ ዕድሜህን ሙሉና ከሞትክ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። አሳታሚ ካገኘህም «መብቱን በሙሉ አስተላልፌያለሁ» የሚል መስመር ያለበት ውል አትፈርም። ለስንተኛ እትም፣ ለስንት ቅጂ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ ይጻፍ። ዛሬ ሰው መጽሐፍ በጆሮው እየሰማ ነው፤ ዩቲዩብና ቴሌግራም በትረካ ሞልተዋል። ስለዚህ የድምፅ ትረካው መብት ለብቻው፣ ከራሱ ክፍያ ጋር ይቀመጥ። አሳታሚው ይህን አልጽፍም ካለ ረቂቅህን ይዘህ ሐይቅ ተመለስ፤ ደመወዝህ ስላለ የሚያስቸኩልህ የለም።